የሲኒ አፍና የደንገል ታንኳ

ጥያቄው ከባሕር ዳር የመጣ ነው። የላከችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥዕል መማር ትፈልጋለች። አባቷ ግን «ሥዕል በትርፍ ሰዓት ይሳላል፤ አንቺ ኢንጂነሪንግ ግቢ» ብለዋታል። «በሥዕል ዲግሪ ሥራ ይገኛል? ወይስ ጊዜዬን ነው የማቃጥለው?» ትላለች። የአራት ሥራዎቿንም ፎቶ አያይዛለች።

እህቴ፣ ከሥዕሎችሽ ልጀምር። ሦስቱ በእርሳስ የተሠሩ የታዋቂ ሰዎች ፊት ናቸው። ከስልክ ላይ አይተሽ እንደገለበጥሻቸው ያስታውቃሉ። ንጹሕ ናቸው፤ ጸጉሩ አንድ በአንድ ተለቅሟል። ጓደኞችሽ «ፎቶ ነው እንዴ?» ሳይሉሽ አልቀሩም። አራተኛዋ የደብተር ወረቀት ላይ የተሞነጫጨረች ታንኳ ናት። «ይቺን ቸኩዬ ነው የሠራኋት» ብለሽ ይቅርታ ጠይቀሽባታል። እኔን ያስቆመችኝ እሷ ናት። የቀዛፊው አንድ እጅ ከሌላው ይረዝማል፣ እውነት ነው። ታንኳዋ ግን ውሃው ላይ ተቀምጣለች። የማገዶው ሸክም ከኋላ ስለሆነ በዚያ በኩል ሰመጥ ብላለች፤ የፊተኛው የደንገል ጫፍ ደግሞ ቀና ብሏል። ይህን ስልክ አላሳየሽም። ሐይቁ ዳር ቆመሽ ራስሽ አይተሽዋል።

አንድ ጊዜ ለአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ሲቀጠር ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ተወዳዳሪዎቹ የሚያማምሩ ሥራዎች ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ቡና የጠጣንበት ሲኒ ነበር። «እስቲ ይህቺን ሲኒ በአሥር ደቂቃ» አልናቸው። አብዛኞቹ አፏን ድቡልቡል ክብ አድርገው፣ ሥሯን በቀጥታ መስመር ዘጉት። የሲኒ አፍ ክብ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያወቁትን ሳሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያያት ሰው ግን አፏ ሞላላ ነው፣ ሥሯም ጎበጥ ይላል። ያየውን የሳለ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሥራውን ያገኘውም እሱ ነው።

የስቱዲዮ ትምህርት ዋና ጉዳይ ይኼ ነው፤ ዓይንን ማሠልጠን። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። እዚያ ለመግባት የክፍል ውጤት ብቻ አይበቃም፣ እጅሽም ይፈተናል። ከገባሽ በኋላ ረጅም ሰዓት ቆመሽ ትሠሪያለሽ። ጋን፣ ጨርቅ፣ ወንበር፣ ከዚያ የሰው አካል፤ በእርሳስ፣ በከሰል፣ በቀለም። ሥራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና መምህሩም የክፍል ጓደኞችሽም ይተቹታል። ሙገሳ ለለመደ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ። ቀለሙና ሸራውም ውድ ነው፤ ይህንን ለአባትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ አልዋሽሽም። «ሠዓሊ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ቦርድ ላይ እምብዛም አታገኚም። ሥዕል እየሸጡ ብቻ የሚኖሩ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። አንድ ወር ይሸጣል፣ ሦስት ወር ዝም ይላል። ጋለሪ ካለ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻውን ይወስዳል። አብዛኛው ተመራቂ ሁለት እግር አለው፦ አንዱ ስቱዲዮው፣ ሌላው ደመወዝ የሚያመጣው። ግራፊክ ዲዛይን፣ አኒሜሽን፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል፣ የፊልም መቼት ዝግጅት፣ ማስተማር። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ዲዛይን መሥራትን ከአሁኑ ጀምሪው፤ «እኔ ሠዓሊ ነኝ» ብለሽ አትናቂው።

አባትሽን ለማሳመን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ታሪክ ታነሺ ይሆናል። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል ዞሩ፣ በኋላም የአፍሪካ አዳራሽን ትልቁን ባለቀለም መስታወት ሠሩ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ለክርክር አይጠቅምሽም። አባትሽ «አንቺ አፈወርቅ ነሽ?» ካሉሽ ምን ትመልሻለሽ? ይልቅ በንድፍ የተሞላ ደብተር አሳዪያቸው። ባይሆን እንኳ መሀል መንገድ አለ። እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ፋሽን ዲዛይን ያስተምራል። አርክቴክቸርም በንድፍ የሚኖር ሙያ ነው። እነዚህን ሁለቱን እንደ ሽንፈት አትቁጠሪያቸው።

ግን ከመወሰንሽ በፊት ለሦስት ወር ስልክ ላይ አይተሽ አትሳይ። በቀን አንድ ንድፍ ብቻ፣ ከዓይንሽ ፊት ካለ ነገር። እናትሽ ቡና ሲቆሉ፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጀርባ፣ ገበያ ላይ የተደረደረ እንስራ። አታጥፊ፤ ከተበላሸ ጎኑ ላይ ድገሚው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀናት አስቀያሚ ይሆናሉ፣ አትደንግጪ። በሃያኛው ቀን ከሰለቸሽና ወደ ስልኩ መመለስ ካማረሽ፣ ሥዕል የምትወጂው በትርፍ ሰዓት ነው ማለት ነው። አባትሽም ልክ ናቸው፣ ምንም ነውር የለውም። ደብተሩ አልቆ ሌላ ከገዛሽ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጀልባ ስታገኚ ጣና ዳር ዘጌ ወዳለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሂጂ። (የክብራን ገብርኤል ገዳም ይቀርብሻል፣ ግን ሴት አያስገባም።) የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሠርተው የተለጠፉ ናቸው። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያዩሻል፤ ክፉዎቹ በጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። እነዚያ ሠዓሊዎች የሚያዩትን ሳይሆን የሚያምኑትን ነው የሳሉት፤ የሲኒውን ተቃራኒ ማለት ነው። ግን በድንቁርና አይደለም፣ መርጠው ነው። ቁጭ ብለሽ አንዱን ጥግ በእርሳስ ገልብጪ፣ ልዩነቱ እጅሽ ላይ ይገባሻል። ፎቶ አንስተሽ ብቻ አትመለሺ።

ደብተሩ ሲሞላ ላኪልኝ፣ የሲኒዋንም ንድፍ ጨምሪበት። የታንኳዋን ወረቀት ደግሞ መጽሐፍ መሀል አስቀምጪው፣ እንዳይታጠፍ። ለመግቢያ ፈተና ሥራዎችሽን ስታሰባስቢ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት።