ቴብል ዋን ላይ ስላለችው 0.03

ሰላም እህቴ። በደም ግፊት መድኃኒት ትራያልሽ (መድኃኒቱን በታካሚዎች ላይ በምትፈትሺበት ጥናት) የሁለቱ ቡድኖች ዕድሜ ተለያይቶ ቴብል ዋን ላይ፣ ማለትም የታካሚዎቹን የመነሻ ሁኔታ በሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ፣ ፒ ቫልዩው (አጋጣሚ ብቻውን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት የማምጣት ዕድሉ) 0.03 ወጣ። ራንደማይዜሽኑ (ታካሚዎቹን በዕጣ መመደቡ) ተበላሽቷል ወይ? ዕድሜን አናሊሲሱ ውስጥ ላስገባ ወይ? ነው ያልሽው።

መጀመሪያ ያቺን ፒ ቫልዩ ሰርዢያት። ዕጣው በትክክል ከወጣ ልዩነቱ የአጋጣሚ መሆኑን አስቀድመን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኮንሶርት መመሪያም (የትራያል ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየው) ይህን ፈተና አይደግፍም። የዕጣው አሠራር ካሳሰበሽ ግን አሠራሩን ራሱን መርምሪ። የታካሚው ምድብ የተጻፈበት ፖስታ በደንብ ታሽጎ ነበር? ብርሃን ላይ ሲያዝ ውስጡ ይነበባል? የዕጣውን ቁጥሮች ዝርዝር የያዘው ማን ነበር?

እኔ በመጀመሪያው ትራያሌ ፒ ቫልዩአቸው ከ0.05 በታች የወጡትን ብቻ እየለቀምኩ የአናሊሲሱ ሞዴል ውስጥ አስገባሁ። የመነሻው ደም ግፊት ፒ ቫልዩ 0.4 ስለነበር ተውኩት። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነበር። የመጨረሻውን ግፊት ከሁሉም በላይ የሚወስነው መነሻው ነዋ! መታየት ያለበት ቡድኖቹ ምን ያህል ተለያዩ የሚለው ብቻ አይደለም። ነገሩ ከውጤቱ ጋር ምን ያህል የተያያዘ ነው የሚለው ይበልጣል።

ብዙዎቻችን ደግሞ የመጨረሻውን ከመነሻው ቀንሰን እንገላገላለን። የላይኛው ግፊቱ 178 ሆኖ የገባ ታካሚ መድኃኒት ባይወስድም በሚቀጥለው ልኬት ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የጀመረው ቡድን ያላገኘውን ጥቅም ያገኘ ይመስላል። አንኮቫ (የመነሻውን ልዩነት አስተካክሎ ቡድኖችን የሚያወዳድር አናሊሲስ) ይሻልሻል፤ የመጨረሻውን ግፊት ውጤት አድርገሽ ቡድኑንና የመነሻውን ግፊት አስገቢ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነውን የአሜሪካ የስትሮክ ትራያል አስቢ። 624 ታካሚዎች ነበሩት። ሕመሙ ከጀመራቸው ከ91 እስከ 180 ደቂቃ ውስጥ ከታከሙት መካከል ቀለል ያለ ስትሮክ የያዛቸው ወደ ቲፒኤው (የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት) ቡድን በዝተው ገቡ። "መድኃኒቱ ነው ወይስ ሕመሙ ቀላል ስለነበር?" የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። ገለልተኛ ኮሚቴ መረጃውን እንደገና ተንትኖ፣ ልዩነቱ ከተስተካከለም በኋላ ጥቅሙ እንዳለ በ2004 አሳተመ። እኔን ልቤን የነካኝ ያ ትዕግሥት ነው፤ ከጀርባው ያሉት መራመድ ያቃታቸው ሰዎች ናቸውና።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ ዕድሜ ፕሮቶኮሉ (አስቀድሞ የተጻፈው የጥናቱ ዕቅድ) ላይ ካለ አስገቢው። ከሌለ ዋናው አናሊሲስ እንደታቀደው ይሂድ፤ ዕድሜ የገባበትን ለብቻው አሳዪ፣ በኋላ የታሰበ መሆኑንም በግልጽ ጻፊ። ዕጣው በየክሊኒኩ ተለይቶ ወጥቶ ከሆነ ክሊኒኩም ሞዴሉ ውስጥ ይግባ። ማን የትኛውን መድኃኒት እንደወሰደ የሚገልጸው ኮድ ገና ካልተከፈተ ደግሞ ዕቅዱን ዛሬውኑ ጽፈሽ ቀን አድርጊበት።