ፒያሳ ላይ ጌም ለምትሠሩት ልጆቼ

ባለፈው ቅዳሜ ክፍላችሁ ስገባ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ትሠሩ ነበር። በጌማችሁ ውስጥ የፋሲልን ግንብ አቁማችሁታል። ልጁ ደረጃውን ሲወጣ ጥላው ድንጋይ ድንጋዩን ተከትሎ ይታጠፋል፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቀጥዬ «ይህ ጌም የምትሠሩበት ፕሮግራም፣ ዩኒቲ፣ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቃችሁ ዝም አላችሁ። የምጽፍላችሁ ለዚያ ዝምታ ነው።

ዩኒቲን የጀመሩት ኮፐንሃገን ውስጥ ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ዴቪድ ሄልጋሰን፣ ኒኮላስ ፍራንሲስና ዮአኪም አንቴ። ያወጡት ጉቦል የሚባል ጌም ገበያ አልቀናውም። ጌሙን ለመሥራት ያበጁት ኢንጂን፣ ማለት የጌም መሥሪያው ፕሮግራም፣ ግን እንደሚበልጥ ገባቸውና እ.ኤ.አ. በ2005 ለማክ ኮምፒውተር አቀረቡት። በ2009 በነፃ የሚወርድ ሲያወጡ ገንዘብ ለሌለው ልጅ ሁሉ በር ተከፈተ። ይህ ውለታ አይካድም።

ከዚያ ባለሀብት ገባ፣ ሥራ አስፈፃሚው ተቀየረ፣ በ2020 አክሲዮኑ ለገበያ ወጣ። እኛ የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ በእነሱ መስከረም 12 ቀን 2023፣ ድርጅቱ ጌሙ ከተወሰነ ገቢና ከተወሰነ የመጫን ብዛት ካለፈ በኋላ፣ በሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ቁጥር እስከ 20 የአሜሪካ ሳንቲም እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ቀድመው ለገበያ የቀረቡ ጌሞችም አልቀሩለትም። ሠሪዎቹ ተቆጡ፣ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሥራ አስፈፃሚው በወሩ ለቀቀ፤ ክፍያው ግን ፈጽሞ የተሰረዘው ከዓመት በኋላ ነው። ያን ዓመት ጌሙን ግማሽ ላይ ያደረሰ ልጅ እንዴት አድሮ ይሆን?

እኔ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ አዘዞ ላለ ነጋዴ የመጋዘን ሂሳብ ከውጭ በተገዛ ሶፍትዌር ሠራሁለት። ሻጩ ድርጅት ተዘጋ፤ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም አይከፍተውም። በማዳበሪያ የታሰረ ደረሰኝ ዘርግፌ፣ ቀለሙ የለቀቀውን በአምፖል እያየሁ፣ ለአራት ወር ሌሊት ሌሊት እንደገና አስገባሁት።

ስለዚህ ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ የታሪኩን ጽሑፍ ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ፋይል ለብቻው አስቀምጡ። ከእናንተ አንዱ ደግሞ ጎዶት የሚባለውን ሌላ የጌም ኢንጂን ይሞክር። አርጀንቲናውያን ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለሁሉም ከፍተውታል፤ የተለቀቀውን ኮድ መልሶ የሚነጥቅ ባለቤት የለውም። ዩኒቲን ጣሉ አላልኩም፤ ሥራችሁ ያምራል፣ ጨርሱት።

የዩኒቲን የአጠቃቀም ውል አትማችሁ ጠብቁኝ። ቅዳሜ ቡና ይዤ እመጣለሁ፤ መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።

ጋሼ