መልስ፦ ፒኤች 6.8 ከሆነ ጅረቱ ደህና ነው?
ከድንጋይ ከሰሉ ማውጫ በታች ካለው ጅረት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 6.8 ስላገኙ ብቻ አይዘናጉ። በከሰሉ አለት ውስጥ ያለው ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይወጣዋል፤ የኖራ ድንጋይ አሲዱን ቢያረክሰውም ከፓይራይቱ ድኝ የሚመጣው ሰልፌት ውሃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከማውጫው በላይና በታች በአንድ ቀን ሰልፌት፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) እና ማንጋኒዝ ያስለኩ፤ የፍሰቱንም መጠን ይመዝግቡ።

በጥያቄዎ የጠቀሱት የብረት ውጤት አንዴ 0.3 አንዴ 9 ሚሊግራም በሊትር የሆነብዎት፣ ሳይጣራ አሲድ የገባበት ናሙና ስላለ ይመስለኛል፤ አሲዱ ብረት ያለበትን ብርቱካናማ ደለል ያሟሟዋል። የሟሟውን ብረት ከፈለጉ እዚያው ጅረቱ ዳር በ0.45 ማይክሮን አጣርተው፣ ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ጨምረው ፒኤቹን ከ2 በታች ያውርዱ። የአልካላይኒቲው (ውሃው አሲድን የማርከስ አቅሙ) መለኪያ ናሙና ጠርሙስ ግን አሲድ አይንካው፤ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ይሙላ።

የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና የሚቀዱበት ጉድጓድ ቱቦ የውስጥ ዲያሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ሜትር ውሃ 2 ሊትር ያህል ይይዛል። ናሙና ከመውሰድዎ በፊት ቱቦው ውስጥ ካለው ውሃ ሦስት እጥፉን ቀድተው ይድፉ፤ የቆመ ውሃ የከርሰ ምድሩን አይወክልም።