ላኮኒክን ለጠየቅሽው እህቴ

«ላኮኒክና ኮንሳይስ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉማቸው አንድ ነው? ለጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) እየተዘጋጀሁ ነው» ላልሽው፦ አንድ አይደለም። አንድ ነው ብለሽ ከገባሽ ነጥብ ያስጥልሻል። ለዚያው ፈተና ስለተቀመጥኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1ኛ፦ ቃሉን ከነአገሩ ያዢው። ላኮኒያ በደቡብ ግሪክ ያለ አውራጃ ነው፤ ዋና ከተማው ስፓርታ። ስፓርታዎች ብዙ ማውራት አይወዱም ነበር። የእስክንድር አባት፣ የመቄዶንያው ዳግማዊ ፊሊጶስ «ላኮኒያ ከገባሁ አጠፋችኋለሁ» ብሎ ቢዝትባቸው «ከገባህ» ብለው ብቻ እንደመለሱለት የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። (ተራኪዎች ይዘሉታል እንጂ ፊሊጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ338 ገብቶ አገሩን አውድሟል፤ ከተማዋን ግን አልያዘም።) ስለዚህ ላኮኒክ ማጠር ብቻ ሳይሆን ጠባይ ነው፤ ቁጥብ፣ አንዳንዴም ፊት የሚነሳ። ኮንሳይስ ግን «ቆራረጠ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው፤ ትርፉ የወጣለት ጽሑፍ ይባልበታል።

2ኛ፦ የሚሸጡትን የቃላት ዝርዝር አትመኚ። እኔ የከፈልኩበት ማሠልጠኛ ላኮኒክ፣ ተርስ፣ ሰክሲንክት፣ ኮንሳይስ ሁሉንም «አጭር» ብሎ ደርድሮ ነው የሰጠን። ልዩነታቸውን ብጠይቅ አስተማሪው በተማሪ ፊት «ጊዜ አታባክን፤ ሸምድድ» አለኝ። ቢሮ ሄጄ ስናገር ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ያልተመቸው ይተው፤ ገንዘብ አይመለስም» አለችኝ። ከደመወዜ እየቆጠብኩ ያጠራቀምኩት ብር ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቁጭ ብዬ የየቃሉን ሥር ራሴ ፈለግሁ። ሰክሲንክት በላቲን ረጅም ልብስን ወደ ላይ ሰብስቦ መታጠቅ ነው። ተርስ ደግሞ ተወልውሎ የጸዳ። ሥሩን ካየሁ በኋላ አንዱም አልጠፋኝም። ፈተናው ላይ ከስድስት ምርጫ ሁለት ተቀራራቢ ቃል የሚያስመርጥ ጥያቄ አለ፤ አንዱን ብቻ ብታገኚ ምንም አይያዝልሽም። እዚያ ነው ያ ዝርዝር ሰው የሚጥለው። ዐረፍተ ነገሩ ስለ ዝምተኛ ሰው ከሆነ ላኮኒክን ከታሲተርን (ማውራት የማይወድ) ጋር ያዢ፤ ጥሩ ስለተጻፈ ሪፖርት ከሆነ ኮንሳይስን ከሰክሲንክት ጋር። ማንም ሳያስተምረኝ ያንን ክፍል በኩራት ነው የወጣሁት።

ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ስትጽፊም ስለ አጻጻፍሽ ኮንሳይስ በዪ፤ ራስሽን ላኮኒክ ካልሽ አንባቢው ከሰው ጋር የማታወራ ይልሻል።