ኮዱ ክፍት ነው፤ ግቡበት

ውድ የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የሞጣና የዳንግላ ልጆች፣

ብዙዎቻችሁ ላፕቶፕ ስትገዙ መጀመሪያ የምትሄዱት ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌር በፍላሽ ወደሚጭንላችሁ ሱቅ ነው። አልፈርድባችሁም። የፈቃዱ ዋጋ በእኛ ገቢ የሚቀመስ አይደለም። ግን ክራክ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ውስጡንም አያሳያችሁም። ዕድሜዬን በኮምፒውተር ሥራ አሳልፌያለሁና ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ውስጡን ሳታዩ ዘላለም ተጠቃሚ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ውስጡ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ግን ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ይሰጣችኋል። የቢሮ ሥራ የሚሠራበትን ሊብሬኦፊስን፣ የኢንተርኔት ማሰሻውን ፋየርፎክስን፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ኡቡንቱን ያለ ክፍያ ታወርዳላችሁ፤ ከዚያም በላይ ፕሮግራሙን ለፈለጋችሁት ሥራ ማዋል፣ አሠራሩን ማጥናት፣ መቀየርና ለሌላ ማካፈል መብታችሁ ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ያስታወቀው ይህን መብት ለማስከበር ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እምብርት የሆነውን ሊኑክስን ጀመረ። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴራችን የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም ኦፕን ሶርስ ነው፤ ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው።

«ታዲያ እኔ ለዚህ ሁሉ ምን እጨምራለሁ?» ትሉኛላችሁ። ብዙ ትጨምራላችሁ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚሞላበት አንድ ቅጽ አለ እንበል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብላችሁ ስትሞሉ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልስባችኋል። ኮዱን የጻፈው ሰው ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን መስላዋለች። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ 6 እንደምትሆን ማን ይንገረው? የዲማ የቆሎ ተማሪ ግን ያውቀዋል። እናንተም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ሌላ ሰው አመልክቶት እንደሆነ ፈልጉ። ከሌለ ኢሹ (በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ የሚጻፍ የችግር ማመልከቻ) ክፈቱ። የትኛውን ቨርዥን እንደተጠቀማችሁ፣ ምን እንደሞላችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደመጣባችሁ ጻፉ። ስክሪንሾት ጨምሩበት። «አይሠራም» ብሎ መተው ለማንም አይጠቅምም። እንግሊዝኛችሁ አያስጨንቃችሁ፤ አጭርና ግልጽ ከሆነ ይበቃል።

ኮድ የምትችሉ ደግሞ ራሳችሁ አርማችሁ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ) ለፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ላኩ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ሲሰበር አያለሁ። የላከው ኮድ «ይሄን ቀይር፣ ያንን አውጣ» የሚል አስተያየት ተጽፎበት ሲመለስ የተናቀ ይመስለዋል። የጎጃም ልጅ ግን በዚህ ሊደነግጥ አይገባም። በዋሸራና በጎንጅ ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረምለታል። እርማት ያገኘ ተማሪ እንደተጠላ አይቆጥረውም። የኮድ ግምገማም እንዲሁ ነው። የተባላችሁትን አስተካክሉ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ የማታምኑበትን ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ተከራከሩ።

መልስ ቢዘገይ አትናደዱ። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የሚመሩት ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ያለ ክፍያ በሚደክሙ ሰዎች ነው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ በትሕትና አስታውሱ። ቁጥር ለማብዛት ብላችሁ የማይረባ ለውጥ አትላኩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃክቶበርፌስት በተባለው፣ ለኦፕን ሶርስ ለውጥ ለላከ ቲሸርት በሚሸልም የጥቅምት ዘመቻ፣ ለቲሸርቱ ሲባል የጎረፈው ከንቱ ለውጥ የስንቱን ፕሮጀክት ኃላፊዎች አማረረ! ስማችሁ ከሥራችሁ ጋር ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። ነገ ቀጣሪም ሊያየው ይችላል።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ምክንያት ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት፣ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው ፕሮግራም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፕሮጀክቱን አንድ ጊዜ ካምፓስ ዋይፋይ ላይ አውርዱት። ዶርም ወይም ቤት ሆናችሁ አንብቡት፣ ቀይሩት፣ ለውጡን ኮሚት አድርጉ (በጊት መዝግቡት)። ኔትወርክ ሲመጣ ፑሽ ታደርጋላችሁ፤ ማለትም የመዘገባችሁትን ወደ ኢንተርኔት ትልካላችሁ። ለዚያ የሚበቃ ትንሽ ፓኬጅ ነው። መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋባችሁ ግን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ሁልጊዜ ከምትጠቀሙት ሶፍትዌር ጀምሩ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ፕሮጀክት ምረጡ። አንዱ ወደ አማርኛ ይተርጉም፣ አንዷ ትሞክር፣ ሌላው ኮዱን ያንብብ። ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎችን «ጉድ ፈርስት ኢሹ» በሚል ምልክት ለይተው የሚያስቀምጡ ፕሮጀክቶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱን በዚህ ሳምንት ክፈቱ።