የጠፋው እቁብተኛ፣ የሠርጉ እስክስታና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ዞረው ዞረው «ሰው ምን ይለኛል?» ላይ ነው የሚያርፉት። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ አትቀየሙኝ። የሠርጉን ምግብ በየዓይነቱ የዘረዘርክልኝ ልጅ በተለይ አንተ።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሞቅ ብሎኝ እስክስታ ስወርድ ሸሚዜ ተቀደደ። ቪዲዮው የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። እንዴት ላስረሳ?

መልስ፦ የሚቀጥለው ሠርግ ያስረሳልሃል።

ጥያቄ፦ እቁብ ገና በጊዜ ደረሰኝ። ከዚያ ሥራ ተቀዛቀዘብኝና ለተወሰኑ ሳምንታት መጣል አቃተኝ። አፍሬ ስልክም አላነሳሁም። በኋላ ግን አንድ ብር ሳላስቀር ከፍያለሁ። አዲሱ ዙር ሲጀመር ዳኛው ሌላውን አንድ ዋስ ጠይቀው እኔን ሁለት አሉኝ። ዕዳ ሳይኖርብኝ ለምን እንደ ሌባ እታያለሁ?

መልስ፦ ሌባ ቢሉህ ኖሮ መጀመሪያውኑ አያስገቡህም ነበር።

እስቲ ከእነሱ ወገን ሆነህ እየው። እቁብ ቤትና መኪና አያስይዝም፤ ያለው የሰው ቃልና ዋስ ነው። ቀድሞ የወሰደ ሰው ገና ያልደረሳቸውን ሰዎች ገንዘብ ይዞ ነው የሚሄደው። እነዚያ ሰዎች ሲደውሉልህ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ «ሥራ ጠፍቶ ነው እንጂ እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ትላለህ። ያንን ማን ሰማ? እነሱ ጋ የደረሰው የማይነሳው ስልክ ነው። ሊ ሮስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1977 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሌላው ሰው ሲያጠፋ የገጠመውን ችግር ትተን ጠባዩ ላይ መፍረድ ይቀናናል። ዳኛችሁ ሮስን አላነበቡም፤ እቁብ መምራት ግን ያውቃሉ።

ከመዘግየትህ ይልቅ የጎዳህ ዝምታህ ነው። ደውለህ «ጋሼ፣ የዚህ ሳምንት አልሞላልኝም፣ ከነውዝፉ አመጣለሁ» ብትል ተቆጥተው ያልፉህ ነበር። አሁንማ ማስረዳቱ አይጠቅምህም። ሁለቱን ዋስ አምጣ፣ አትከራከር። የመጣያው ቀን ቀደም ብለህ ድረስ። ብሩን እዚያው ቆጥረህ ለጸሐፊው ስጥ፣ ስምህ ላይ ምልክት ሲያደርግ እይ፣ ቡናህን ጠጥተህ ሂድ። ስላለፈው ዙር አንድም ቃል እንዳትተነፍስ። ዙሩ በዚህ መልክ ካለቀ ሁለተኛውን ዋስ ይተዉልህ ይሆናል። ላይተዉም ይችላሉ፤ ያም መብታቸው ነው።

ለዋሶችህም አንድ ነገር ንገርልኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። መጠኑን አይተው ይፈርሙ። የቀረውን ጠበቃ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ለቅሶ ቤት ሥራ ላይ መቆም አልችልም። የእድሩ ሴቶች «ኮራች» ይሉኛል አሉ።

መልስ፦ እማማ፣ ማመሙን ነግረዋቸዋል? ካልነገሯቸው በምን ይወቁ? ብቅ ይበሉና በርጩማ ይጠይቁ፤ ተቀምጦ የሚላጥ ሽንኩርት ለቅሶ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ጉልበቱንም ሐኪም ይይልዎት።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ስለዚያ የሚያወሩ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ጠዋት ቢሮ መሄድ ራሱ ያስለቅሰኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ቀላሉን። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎችን የዘፋኙ ባሪ ማኒሎ ምስል ያለበት፣ ወጣት የሚያፍርበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ያለበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳስተዋላቸው ገመቱ። ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነበር። ባልደረቦችሽም የዚያን ቀን የየራሳቸው ጭንቀት ነበረባቸው።

ይህ ግን ለተራ ሃፍረት የሚሆን መልስ ነው፤ ያንቺ ከዚያ አልፏል። እንቅልፍ ከነሳሽና ጠዋት ካስለቀሰሽ ሐኪም ያስፈልግሻል። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታል ሂጂ፤ ሌላ ቦታ ከሆንሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ፈልጊ። «አማኑኤል ሄደች» እንዳትባዪ ፈርተሽ እንደሆነ፣ እንደዚያ የሚልሽ ሰው ሌሊት አብሮሽ አይነቃም። ለሚቀጥለው ወር አታቆዪው፤ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ብቻሽን ከከበደሽ እህትሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ መልእክቴን አይታ ሳትመልስልኝ ሦስት ሰዓት አለፈ። ንቃኝ ነው?

መልስ፦ ሥራ ላይ ትሆናለች። አንተስ ሥራ የለህም?

ጥያቄ፦ ጠጋ ብዬ ሳወራቸው ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ። ምላስህንም ቦርሽ።