የሪዮው የክርስቶስ ሐውልት በማን ገንዘብ ተሠራ?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ አባል ነኝ። በቅርቡ ስለ መዋጮ ስንወያይ አንድ አባላችን በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ተራራ ላይ የቆመውን ታላቁን የክርስቶስ ሐውልት ጠቅሰው፣ «ያን የሚያህል ሥራ በመዋጮ አይሠራም፤ ፈረንሳይ ለብራዚል በስጦታ የሰጠችው ነው» ብለው ተከራከሩን። እኔ ደግሞ ምእመናን ያሠሩት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ማናችን ነን ትክክል? ገንዘቡስ እንዴት ተሰበሰበ? ሥራው ያን ያህል ዓመት የፈጀውስ ለምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ትክክሉ እርስዎ ነዎት። ሐውልቱ ከሌላ መንግሥት የተበረከተ ስጦታ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ከብራዚል ካቶሊካውያን ኪስ በወጣ ገንዘብ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠራ ነው። የኮሚቴ ባልደረባዎ ስሕተት ከየት እንደ መጣ መገመት ግን አያስቸግርም። በአንድ በኩል የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት በእርግጥ ከፈረንሳይ ሕዝብ የተበረከተ በመሆኑ ሁለቱ ይምታታሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሪዮውን ሐውልት የቀረጸው ፖል ላንዶቭስኪ ፈረንሳዊ ነው። እርሱ ግን ቀጥረውት፣ ከፍለውት የሠራ ባለሙያ እንጂ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። (የነጻነት ሐውልትም ቢሆን የቆመበትን ግንብ ያሠሩት አሜሪካውያን ራሳቸው ናቸው፤ በ1885 እ.ኤ.አ. አንድ ጋዜጣ ባደረገው ጥሪ ከ100,000 ዶላር በላይ የተሰበሰበው አብዛኛው ከአንድ ዶላር በታች ከሰጡ ሰዎች ነበር። ስለዚህ የባልደረባዎ ክርክር በዚያም በኩል አይጸናም።)

ሐውልቱ ዛሬ በቆመበት በኮርኮቫዶ ተራራ ላይ ሃይማኖታዊ ሐውልት የማቆም ሐሳብ የቀረበው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ብራዚል ገና በንጉሠ ነገሥት ስትገዛ፣ በአንድ ካህን አማካይነት ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ዘውዱ ወርዶ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ግን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሕግ ስለ ተለያዩ ሐሳቡ ተዳፍኖ ቀረ። እንደ ገና የተነሣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በሪዮ የነበሩ የካቶሊክ ማኅበር አባላት የሕዝቡ እምነት እየላላ መሄዱ አሳስቧቸው፣ በ1922 የሚከበረውን የነጻነት 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ከመላው ከተማ የሚታይ ሐውልት እንዲቆም ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ከገንዘቡ በፊት መገኘት የነበረበት ፈቃድ ነበር፤ ተራራው የመንግሥት ነውና። ከ20,000 በላይ ሴቶች የፈረሙበት አቤቱታ ለፕሬዚዳንት ኤፒታሲዮ ፔሶዋ ቀረበ፣ ፈቃዱም ተሰጠ። ሴቶቹ በዚያን ዘመን በብራዚል የመምረጥ መብት እንዳልነበራቸው ስናስታውስ፣ የዚያ ፊርማ ክብደት የበለጠ ይታየናል።

ገንዘቡን ለመሰብሰብ ማኅበሩ «የሐውልቱ ሳምንት» የሚባል ዘመቻ አዘጋጀ። በኋላ ካርዲናል የሆኑት ሊቀ ጳጳስ ሴባስቲያዎ ሌሜ ከሥራው ጀርባ ቆሙ፤ መዋጮውም በየአጥቢያው ተሰበሰበ። በመንገድ ዳር ጥላ ዘቅዝቆ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መለመንን ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለንም። ጠቅላላ ወጪው በጊዜው ዋጋ ወደ 250,000 ዶላር እንደ ደረሰ ይነገራል።

ወደ ዓመታቱ ጥያቄዎ ስንመጣ፣ የመሠረት ድንጋዩ በኤፕሪል 1922 እ.ኤ.አ. ሲቀመጥ፣ ዛሬ የምናውቀው ንድፍ ገና አልነበረም። የተመረጠው መሐንዲስ ኤይቶር ዳ ሲልቫ ኮስታ መጀመሪያ ያቀረበው ክርስቶስን በአንድ እጁ ትልቅ መስቀል፣ በሌላው የዓለምን ሉል ይዞ የሚያሳይ ነበር። የሪዮ ሰዎች ግን «ባለ ኳሱ ክርስቶስ» ብለው ቀለዱበት። መሐንዲሱ ከሠዓሊው ካርሎስ ኦስቫልድ ጋር ሆኖ ንድፉን ለወጠና ሉሉም መስቀሉም ቀርተው፣ የተዘረጉት እጆች ራሳቸው መስቀል ሆኑ። በእኛ አስተያየት ከጠቅላላው ሥራ የተሻለው ውሳኔ ይህ ነው። የለገሰ ሕዝብ በሚሠራለት ነገር ላይ አፉን እንደማይዘጋም ያሳያል።

ነገር ግን አዲሱ ንድፍ አዲስ ችግር አመጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር የሚዘረጉ እጆች 710 ሜትር ከፍታ ባለው የተራራ ጫፍ ላይ ነፋስን ተቋቁመው መቆም ነበረባቸው። መሐንዲሱ ለዚህ ወደ አውሮፓ ሄዶ በአርማታ ሥራ የታወቀውን ፈረንሳዊ መሐንዲስ አልቤር ካኮን አማከረ፤ ቅርጹን በ1924 ለላንዶቭስኪ ሰጠ፤ ፊቱን ደግሞ በላንዶቭስኪ ዘንድ ይሠራ የነበረው ሮማንያዊው ጌዮርጌ ሌዮኒዳ ቀረጸው። (ላንዶቭስኪ ከዚህ ቀደም በጄኔቭ የፕሮቴስታንቶችን የተሐድሶ መታሰቢያ ግንብ ከቀረጹት አንዱ መሆኑ፣ የሪዮ ካቶሊኮችን ቅር ያሰኛቸው አይመስልም።) የራሱና የእጆቹ ሙሉ መጠን ሞዴል ፓሪስ ላይ በሸክላ ተሠርቶ፣ ተቆራርጦ በመርከብ ሪዮ ከደረሰ በኋላ በአርማታ ተሞላ። በተራራው ላይ ያለው ግንባታ በ1926 ተጀመረ። ከ1884 ጀምሮ እስከ ጫፉ አጠገብ የሚወጣ የባቡር ሐዲድ በመኖሩ ሲሚንቶውና ብረቱ በባቡር ተጓጓዘ፤ ያ ሐዲድ ባይኖር ኖሮ በዚያ ወጪ ይሠራ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የቀረው የልባሱ ጉዳይ ነበር። መሐንዲሱ አርማታ ራቁቱን ለእንዲህ ያለ ምስል የማይመጥን ሻካራ ነገር ሆኖበት ሲጨነቅ፣ ፓሪስ ውስጥ በጥቃቅን ጠጠሮች የተለበጠ ፏፏቴ አየና፣ ሐውልቱን በዚሁ መንገድ ለማልበስ ወሰነ። የመረጠውም በብራዚል እንደ ልብ የሚገኘውን፣ ሲነኩት እንደ ሳሙና የሚያሟልጨውን፣ ለመቁረጥ የሚመቸውንና ሙቀትም ዝናብም ቶሎ የማይጎዳውን፣ «የሳሙና ድንጋይ» የሚባለውን ነው፤ ሚናስ ዤራይስ በተባለው የብራዚል ክፍለ ግዛት ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የቆዩ ቅርጾችም የተሠሩት በእርሱ ነው። ድንጋዩ በትንንሹ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተቆርጦ ከቀረበ በኋላ፣ የአጥቢያ ሴቶች በፈቃደኝነት ተሰብስበው ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ሠራተኞቹም ጨርቁን ወስደው በአርማታው ላይ ይለብጡታል። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ በጠጠሩ ጀርባ የቤተሰባቸውንና የወዳጆቻቸውን ስም ጽፈዋል። ለኮሚቴዎ የሒሳብ መዝገብ ይጠቅም ከሆነ፣ ከላይ በጠቀስነው 250,000 ዶላር ውስጥ የእነዚህ ሴቶች ድካም አልተቆጠረም።

ሥራው ያለቀው ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ በተመታበት፣ የብራዚል ዋና ገቢ የሆነው የቡና ዋጋም በወደቀበት ጊዜ ነበር። ቁመቱ 30 ሜትር የሆነው ሐውልት፣ 8 ሜትር ከፍታ ባለው መቆሚያው ላይ ሆኖ በኦክቶበር 12 ቀን 1931፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ከአንድ ዓመት በፊት በአብዮት ሥልጣን የያዙት ጌቱሊዮ ቫርጋስ በተገኙበት ተመረቀ። መብራቱን የራዲዮው ሊቅ ማርኮኒ ከኢጣሊያ ሆኖ በራዲዮ ሞገድ እንዲያበራው ታቅዶ ነበር፤ አየሩ ስላልተመቸ ግን ማብሪያውን የተጫኑት እዚያው ሪዮ የነበሩ ሠራተኞች እንደ ነበሩ ይነገራል።